የመሪጌታው ግሳት

አባቴ በጋይንት የአንዲት ገጠር ደብር መሪጌታ ናቸው። በጾም ቀልድ አያውቁም። ከንፋስ መውጫ ልጠይቃቸው ስመጣ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ጤናዬን ሳይሆን ከተማ ምን እንደበላሁ ነው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ጉልበታቸው አላስቆም ቢላቸው እህቴ ከደብረ ታቦር ቫይታሚን ላከችላቸው። እንደ ማር የሚያበራ ለስላሳ የኪኒን ፍሬ ነው። ማታ ከሽሮው በኋላ ሁለት ሁለት እየዋጡ ማኅሌት መቆም ጀመሩ።

ከዚያ ማኅሌቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ።

ከአባቴ ጎን የሚቆሙት ከልጅነት ጀምሮ አብረዋቸው ዜማ የተማሩ ባልንጀራቸው ናቸው። እኒህ ሰው ልጃቸውን ሊጠይቁ ባሕር ዳር ሰንብተው ገና መመለሳቸው ነበር። ለአባቴ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። በካህናቱ ፊት፣ "ባሕር ዳር ጾምህን ገድፈህ መጣህ! ሽታው እንኳን አፍንጫዬ አፌ ውስጥ ገብቷል!" አሏቸው።

ባልንጀራቸው ትክ ብለው አዩአቸውና፣ "እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" ብለው አንገታቸውን ደፉ። ሰው ሁሉ "አመኑ" አለ። ከዚያ ወዲያ እኒያ የተከበሩ ሰው ከተማሪዎቹ ኋላ፣ ከበሩ ሥር መቆም ጀመሩ። ሰላምታ የሚነፍጋቸውም በዛ። ሽታው ግን አባቴን አልለቀቀም። እሳቸውም "ኃጢአት ቶሎ አይለቅም" ብለው ተረጎሙት።

ቅዳሜ ስመጣ ይህን ሁሉ እንደ ጀብዱ ሲያወሩልኝ መሀል ላይ አገሱ። ሽታው እኔ ዘንድ ደረሰ። የቫይታሚኑን ብልቃጥ ከመስኮቱ አንሥቼ ጽሑፉን አነበብሁት።

"አባባ፣ ይሄ እኮ የዓሣ ዘይት ነው።"

ፊታቸው አመድ መሰለ። "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ" የሚሉት ለካ ይሄን ኖሯል።

"ይሄን ማን ያውቃል?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እኔ።"

"አንተማ ልጄ ነህ።"

"ልጅዎስ ነኝ፤ አፌ ግን አያርፍም።"

እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስማቸውን ያጠፉባቸው ባልንጀራቸው ከወንድም የሚበልጡባቸው ሰው ነበሩ። "ድንጋይ አምጣ" አሉኝ። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ለጉልበታቸው አዝኜ ትንሽ ብመርጥላቸው፣ "ይሄ መቁጠሪያ ነው እንዴ?" ብለው ራሳቸው ትልቁን አነሡ።

ባልንጀራቸውን አጥር ሲጠግኑ አገኘናቸው። አባቴ ድንጋዩን በጫንቃቸው እንደያዙ፣ ከብልቃጡ እስከ ግሳቱ ሁሉንም ተናዘዙ። ሰውዬው ድንጋዩን አወረዱላቸው።

"ሽታው ካንተ እንደሚመጣማ ከመጀመሪያው ቀን አውቄው ነበር" አሉ።

"ታዲያ ምነው ዝም አልህ?"

"ተደብቀህ የምትበላ መስሎኝ ነዋ። መሪጌታው ዓሣ በላ ከሚባል፣ እኔ በላሁ ቢባል ይሻላል ብዬ።"

የአባቴ ቁጣ መለስ አለ። "እኔ? በዐቢይ ጾም? ዕድሜ ልክህን አጠገቤ ቆመህ ይሄን አመንህብኝ?"

"አንተስ አምነህብኝ የለም እንዴ?"

አባቴ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን መልሰው ተሸከሙት።