«ዳባት ሄዳለች»

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን ደባርቅ ስንኖር ነው። የማልረሳው ባለቤቴን ያጣሁበት ዓመት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ያኔ ያፈርኩት እፍረት እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ነው።

ባለቤቴ ታስሮ ከቆየ በኋላ መገደሉን ሰማን። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። ጥቁር እንኳ አልለበስኩም። አሥረኛ ክፍል የነበረችውን ልጄን ዘነቡን በማግስቱ ፊቷን አጣጥቤ ትምህርት ቤት ሰደድኳት።

«ሰው ፊት እንዳታለቅሺ» አልኳት። አላለቀሰችም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን መናገር ተወች። ምግብ ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ትምህርት ቤትም ቀረች። ሰው «አበደች» እንዳይላት ፈርቼ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ «ዳባት አክስቷ ዘንድ ሄዳለች» እል ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የክፍሏ ኃላፊ የሆነው ወጣት መምህር ቤት ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ ዘነቡ የት ገባች? አሳሰበችን እኮ።»

«ዳባት ናት። አክስቷ ታማባት።»

«መቼ ትመለሳለች?»

«እንጃ መምህር፤ የበሽታ ነገር።»

ይህን እያልኩ ዘነቡ ጋቢ እንደተከናነበች ከጓዳ ወጣች። የምገባበት ጠፋኝ። መምህሩ ወደ እኔ አላየም። ብድግ ብሎ፣ «እንኳን በደህና መጣሽ! ዳባትም እንዲህ ይበርዳል እንዴ?» አላት።

ልጄ ፈገግ አለች። ወዲያው ፊቷ ተለዋወጠና «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ሮጬ አፏን በእጄ አፈንኩት። ጎረቤታችን የቀበሌ ሰው ነበር።

«ይተዋት እትዬ፣ ታልቅስ» አለኝ መምህሩ። መደርደሪያው ላይ የነበረውን ሬዲዮ ከፍቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። የሰልፍ መዝሙር ቤቱን ሞላው። ልጄ በዚያ ጩኸት ውስጥ አባቷን አለቀሰች። እኔም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት የክፍል ጓደኞቿን እያስከተለ «ሒሳብ ላስጠናት» ብሎ ይመጣ ነበር። ሬዲዮው ይከፈታል፤ ልጆቹ አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ታወራለች፣ ታለቅሳለች። አንዳንዴ ሒሳብም ይሠራሉ። ቀስ በቀስ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

ዛሬ የልጆች እናት ናት። ሲከፋት ስልክ ትደውልና «እማዬ፣ ዛሬ ዳባት ነኝ» ትለኛለች። አልመክራትም፤ አልቅሳ እስክትጨርስ ዝም ብዬ እሰማታለሁ። ስለ ውሸቴ አብረን እንስቃለን። አፏን ስላፈንኩበት እጄ ግን እሷም አታነሳብኝም፣ እኔም «ይቅር በይኝ» ለማለት እስከ ዛሬ አፌ አልታዘዝ አለኝ።