የዘይቱ አፍንጫ

ዘይቱ ከጅማ አካባቢ ባሏን ተከትላ ሚዛን ተፈሪ ስትገባ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። ባሏ ሲሞትባት መናኸሪያው አጠገብ ሁለት አግዳሚ ብቻ የምትይዝ ሻይ ቤት ከፈተች፤ ሁለት ሴት ልጆቿንም በዚያችው ማሳደግ ያዘች።

ቅመም ሰፍራ አታውቅም። ኮረሪማውን ወቅጣ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምራ፣ የበራዱን ክዳን ከፈት አድርጋ እንፋሎቱን ታሸታለች፤ በቃ የሚላት አፍንጫዋ ነው። የሰዉንም አመል ታውቃለች። የቴፒ መስመር ሾፌሩ ሳህሉ ወፍራም፣ ዝንጅብል የበዛበት፣ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር የሚታይ ካልሆነ አይጠጣም። ባለሱቁ ናስረዲን ጤና አዳም ጣል ይደረግልኝ ይላል። መምህር አስረስ ደግሞ የሚወዱት ቀጭን፣ ያለ ስኳር፣ ቅመሙ ሽው የሚል ብቻ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ክረምት ክፉ ጉንፋን ጣላት። በሳምንቱ ተነሥታ ኮረሪማ ስትወቅጥ ምንም አልሸተታትም። በመዳፏ አፍሳ አፍንጫዋ ላይ ደፋችው፤ አፈር የያዘች ያህል ነበር። ሻዩን ስትቀምሰው ምላሷ ሙቀቱንና ስኳሩን ብቻ ነገራት። ጉንፋኑ ጨርሶ ስላልለቀቀኝ ነው ብላ ራሷን አጽናናች፤ በግምት ቀምማ ቀዳች።

ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ሳምንት ተደገመ። ለማንም አልተናገረችም። ሻይዋን ከማታሸት ሴት ዘንድ ማን ሻይ ሊጠጣ ይመጣል? እጇ በራዱ ላይ፣ ዓይኗ የሰው ፊት ላይ ሆነ። አንዱ ግንባሩን ቋጠር ሲያደርግ ታያለች። በማግስቱ ቅመሙን ታበዛለች፤ ከዚያ ደግሞ በዛ ብላ ፈርታ ትቀንሳለች። ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ እንኳ የምታስበው ስለ ቅርንፉዱ ነበር።

አንድ ሰኞ ሳህሉ አንዴ ፉት ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዛሬ ቡና ነው ያማረኝ አለና ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤት ተሻገረ። በማግስቱ ናስረዲን ሳይመጣ ቀረ። የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ተጎንጭተው ይተያዩና ሳይጨርሱ ይነሣሉ። ተርፎ የሚመለሰውን ሻይ በጓሮ ትደፋው ጀመር። ምክንያቱን የሚነግራት ሰው ግን አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ ቤቱ ውስጥ የቀሩት መምህር አስረስ ብቻ ነበሩ። አጠገባቸው ቁጭ አለች፤ ሰው ፊት ተቀምጣ አታውቅም።

"መምህር፣ ሻዬ ምን ሆነ?"

ምንም አልሆነም አሏት፤ ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ነበር።

"እባክዎ ይንገሩኝ። ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። አፍንጫዬ ሞቷል።"

መምህሩ ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። "ላምባ ላምባ ይላል" አሉ በመጨረሻ። "ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው።"

"አምስት ቀን ሙሉ እየጠጡ ዝም አሉኝ?"

"ከሕመሙ ወዲህ ፊትሽ ልክ አልነበረም። ይህን ደግሞ ጨምሬ እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው።"

ተነሥተው መደርደሪያውን እየዞሩ አሸተቱ። ከሰሉ በዝናቡ እየራሰ ስላስቸገራት ዘይቱ የምታፈላው በላምባ ምድጃ ነበር፤ የላምባው ጀሪካን ሥሩ ተሰንጥቆ ከታቹ ያለውን የቅመም ከረጢት ጠብ ጠብ እያለ አርሶታል። ከረጢቱን አውጥተው ሰጧት። አፍንጫዋ ላይ አስጠጋችው፤ አሁንም ምንም የለም። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ሰው ሁሉ እያወቀ፣ እሷ ብቻ ሳታውቅ ስትቀዳ መክረሟ አሳፈራት።

ቅመሙን ጣለች፤ በራዱን በአመድ ፈተገች። ቅዳሜ ጠዋት ሻዩን ያለ ቅመም አፈላችና ኮረሪማውን፣ ቀረፋውን፣ ዝንጅብሉን በየቆርቆሮው አድርጋ አግዳሚው ፊት ደረደረች። ለሚገባው ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው፦ እኔ አይሸተኝም፤ እንደሚጥማችሁ ራሳችሁ ጨምሩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ሁለት ሰዎች ወጥተው ሄዱ። ናስረዲን ግን ወሬውን ሰምቶ ጤና አዳሙን ከግቢው ቆርጦ ይዞ መጣ። ሳህሉ ማዶ ተሻግሮ በዚያው ቀረ። አልፎ አልፎ ከመኪናው መስኮት እጁን ያነሣላታል።

ከዓመት በኋላ አፍንጫዋ መለስ አለ፤ ግን ተጣሞ። ኮረሪማው እንደ ተቃጠለ ጎማ ይሸታት ጀመር፤ ቀረፋው እንደ ሻገተ ጨርቅ። እያንገሸገሻት ወቀጠች፤ ሰዉ ደግሞ እያጣጣመ ጠጣው። ልጆቿም በዚያው ገቢ ተምረው፣ ከዓመታት በኋላ ትልቋ አስተማሪ ሆና ቱም ከተማ ተመደበች። ልጅቷ ለእረፍት ስትመጣ፣ እናቷ ሻይ መጠጣት ከተወች ስንት ዓመት እንደሆናት ጠየቀቻት። ዘይቱ ቆጥራ አልጨረሰችውም። በሻይ ፈንታ የያዘችው ሙቅ ውሃ ላይ ቆንጠር አድርጋ ጨው ጨመረችና እሱኑ ፉት ማለት ቀጠለች።