የፋቅኳት ትራንዚስተር

ዛሬ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ስበይድ ጭሱ ሸተተኝና ሰርቦ ከተማ የነበረው የአባዬ ሬዲዮ መጠገኛ ቤት ታወሰኝ።

ልጅ ሆኜ ሬዲዮ ውስጥ የምትገጠም የአንዲት ትንሽ ዕቃ፣ የትራንዚስተር፣ ጥቁር ቀለም እድፍ መስሎኝ በምላጭ ፋቅኩት፤ ከሥሩ ብርጭቆ ወጣ። አባዬ ልብ ሳይል የጎረቤታችን የአባ ቢያ ሬዲዮ ላይ ገጠማት።

በማግስቱ አባ ቢያ መጡ። «ቤት ውስጥ ደህና ነው፤ ፀሐይ ላይ ሳወጣው ይንኮሻኮሻል» አሉ።

ጥፋቴን ተናገርኩ። አባዬ ትራንዚስተሯን ነቅሎ አገላብጦ አያት። «ቀለሙ ብርሃን እንዳይነካት ነበር፤ ዓይኗን ገልጠሽላታል። ያዢያት፤ ለሬዲዮ ባትሆን ለሌላ ትሆናለች» አለኝ። እኔ ከቁጣው ማምለጤን እንጂ ሌላውን አልሰማሁም።

አሁን ለበረንዳዬ በሠራሁት መብራት ላይ የበየድኩት እሷኑ ነው። በመዳፌ ስከልላት መብራቱ በራ፤ እጄን ሳነሳ ጠፋ።

ታያለች።