የኮሎኔሉ አስተርጓሚ

በጃንሆይ ዘመን ዲላ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሳለሁ ነው። ከጦሩ ወጥተው ቡና ነጋዴ የሆኑ አንድ ኮሎኔል ለፓርላማ ሊወዳደሩ ተነሱና የምርጫ ምልክታቸውን ሚዛን አደረጉ። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ሲናገሩ የሰማቸው ስላልነበረ፣ ጌዴኦኛ ተናጋሪ ወደሆነው ቡሌ ለቅስቀሳ ሲሄዱ እኔን ይዘው ሄዱ። ከአዲስ አበባ የመጣ የምርጫ ተቆጣጣሪም አብሮን ነበር።

ኮሎኔሉ ሽጉጣቸውን እንደታጠቁ ሕዝቡ ፊት ቆመው የሚዛኑን ሥዕል ከፍ አድርገው አሳዩ። ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና በጌዴኦኛ፣ “ቡናችንን የበላው ይኸው ሚዛን አይደለም እንዴ? አንተ ሌባ!” አሏቸው።



“ምን አሉ?” አለኝ ተቆጣጣሪው።

እውነቱን ብናገር ሽማግሌው ዛሬውኑ ታስረው ይገረፋሉ። ብዋሽና ቢነቃብኝስ?

“ሚዛንዎ ትክክል ነው፤ ድምፃችንን ለእርስዎ እንሰጣለን ይላሉ” አልኩ።

ተቆጣጣሪው አጨበጨበ። ኮሎኔሉ ግን ትክ ብለው አዩኝ።

ዲላ ስንመለስ ተቆጣጣሪውን ሆቴሉ አወረድነውና ላንድሮቨሩ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ኮሎኔሉ ሞተሩን አጠፉ። ወደ እኔ ዞረው፣ ቡሌ ተወልዶ እንዳደገ ሰው ጥርት ባለ ጌዴኦኛ እንዲህ አሉኝ፦

“ነገ ለቅስቀሳ ዱመርሶ ነን፤ ልክ እንደዛሬው አድርገህ አስተርጉም። ያን ሽማግሌ ለእኔ ተወው።”