ከአልጋ ሥር የነበረ ሽምብራ

የያዙኝ ከቢሮዬ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገብተው ስሜን ጠየቁኝና "ለአጭር ጥያቄ ነው፤ ጃኬትህን ያዝ" አሉኝ። ጃኬቴን ያዝኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አንድ ወረቀት አንብቤ ስለነበር ነገሩ ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጊዜው ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ገደማ ነበር።

መኪናው ወደ ደቡብ ወረደ። ላፍቶ ስንደርስ ከዋናው መንገድ ታጥፎ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ገባ። መዝገብ ቤት ኪሴን አራገፉት። ቀበቶ፣ ሰዓት፣ መሐረብ፣ አንዲት ትንሽ አጉሊ መነጽር። መዝጋቢው መነጽሯን አንሥቶ ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። የሰብል ጥበቃ ባለሙያ መሆኔን፣ በእህል መጋዘን ውስጥ ተባይ የምመረምርባት መሆኗን ነገርኩት። አጠገቡ የቆመ ወጣት ዘበኛ ሳቀ። ወደ ክፍሉ ሲወስደኝ ፈጥነህ አልተራመድክም ብሎ ግራ ጆሮዬን በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ለብዙ ቀን ጮኸ። ስለ ጥፊው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ክፍሉ ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ሳይሆን አይቀርም። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ ከጣሪያው ሥር ሁለት ብሎኬት የምታህል መስኮት። ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ነበሩ። አንደኛው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ሁለተኛው ከፉሪ የመጡ ገበሬ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያልፋል፤ በስብሰባ ላይ ተነሥተው ስለ መሬታቸው ስለተናገሩ ነበር የታሰሩት። ቦታ ለቀውልኝ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ላይ ፍርሃት ነበረኝ። ሦስት ሳምንት ሲሆነኝ ፍርሃቱ ሄደ፤ በምትኩ ግን የመጣ ነገር አልነበረም። ሽሮው ሲመጣ እበላለሁ፤ ሽንት ቤት ውጡ ሲሉን እወጣለሁ። ስለ ባለቤቴ ለማሰብ ስሞክር ፊቷ ይመጣል፤ የማያውቁት ሰው መታወቂያ ላይ እንደሚያዩት ፎቶ። የት እንዳለሁ እንደማታውቅ አውቃለሁ። ማወቄ ግን አያመኝም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም በሩ ተከፈተ። ያ ወጣት ዘበኛ ነው። በግማሽ ገብቶ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ካየ በኋላ የክብሪት ቀፎ ዘረጋልኝ።

"አንተ የተባይ ሰውዬ፣ ይሄን እየው እስቲ። ምንድነው?"

ቀፎውን ተቀብዬ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ሰባት ስምንት ትናንሽ ጥንዚዛዎች ነበሩበት፤ ሁለቱ ይንቀሳቀሳሉ።

"ቤታችን ውስጥ ፈላ" አለ። "ግድግዳው ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ የልጆቹ ብርድ ልብስ ላይ። ጎረቤት ትኋን ነው ስላሉን ፍራሻችንን አውጥተን አቃጠልን። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።"

"ትኋን አይደለም" አልኩ። "ትኋን ብርሃን ይሸሻል፤ መስኮት ላይ አይሰበሰብም።"

ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንደዚህ ረጅም ነገር ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። አንዱን ጥንዚዛ መዳፌ ላይ አድርጌ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። እንደ ስንዴ ነቀዝ አፉ ሹል አይደለም። ሰውነቱ አጭርና ድብልብል ነው፤ ክንፉ ጀርባውን ሸፍኖ አይጨርስም። ቀንዶቹ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቁ ናቸው። ያለ መነጽርም አወቅኩት።

"ከአልጋው ሥር ምን ታስቀምጣላችሁ?"

"ምንም።" ትንሽ አሰበ። "ሽምብራ አለ። እናቴ ከገጠር ስትመጣ ያመጣችው። ሁለት ማዳበሪያ።"

"ሽምብራው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ? ክብ ቀዳዳስ?"

"ነጠብጣቡን አይቻለሁ። ቆሻሻ ነው ብዬ።"

"እንቁላሉ ነው። ይሄ የሽምብራ ነቀዝ ነው። ትሉ ፍሬው ውስጥ ያድጋል፤ ሲደርስ ፍሬውን በስቶ ይወጣና ብርሃን ወዳለበት ይሄዳል። ሰው አይነክስም። የሚያልቀው ሽምብራው ነው።"

ፊቱ ፈታ አለ። እጁን የደንብ ልብሱ ኪስ ውስጥ ከቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ገለጥ ሲያደርገው የነቀዝ ክኒን ዕቃ ነበር፤ ክዳኑ ገና አልተከፈተም።

"እንኳን ይሄን ገዛሁ። ሁሉንም ይገድላል ብሎኛል ሰውየው። የት እንደምጨምረው ነበር የቸገረኝ። ዛሬ ማታ ማዳበሪያው ውስጥ ከትቼ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ እዘጋለሁ።"

የክብሪት ቀፎውን ከእጄ ወስዶ ወጣ። በሩ ተቆለፈ።

እኔ ምንም አላልኩም። ቁጭ አልኩ።

ሽማግሌው ሲያዩኝ ቆዩና "ልጄ፣ ያ ነገር ምንድነው?" አሉኝ።

"መርዝ ነው፣ አባባ። አየር ሲያገኝ ወደ ጋዝነት ይለወጣል። እኛ በሥራችን መጋዘን ውስጥ ስንጨምረው ዘግተን እንወጣለን፤ ለቀናት ማንም አይገባም።"

"እሱ ቤቱ ስንት ክፍል ነው?"

"አላውቅም።" ግን አውቅ ነበር። ሽምብራው ከአልጋው ሥር ነው፤ ጥንዚዛው የልጆቹ ብርድ ልብስ ላይ ነው። አንድ ክፍል ነው።

መምህሩ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሳይገልጥ "ተወው" አለ። "የጠየቀህን መልሰህለታል። ባለፈው ምሳችንን በእግሩ የደፋው እሱ አይደለም?"

"ሚስቱና ልጆቹ አልደፉም" አሉ ሽማግሌው።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን በትክክል ለማስታወስ ብዙ ሞክሬአለሁ። አዘንኩ ብል እዋሻለሁ። ተናድጄም አልነበረም። ሥራ ላይ ሳለሁ በዚያ ክኒን ሰው የሞተበት አንድ ቤት እንድናይ ተጠርተን ነበር። ትዝ ያለኝ በሩ ሥር ለአየር መዝጊያ የተወተፈው ጨርቅ ነው። አበባ ያለበት የሴት ቀሚስ ነበር። እሱን እያሰብኩ ተቀመጥኩ። ውጭ የዘበኞቹ ድምፅ ይሰማል። ፈረቃ የሚቀያየሩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ሳይጠሩን በር ማንኳኳት ክልክል ነበር። ከእኔ በፊት አንድ እስረኛ አንኳኩቶ ምን እንደደረሰበት መምህሩ ነግሮኛል። ተነሥቼ አንኳኳሁ። ማንም አልመጣም። በመዳፌ ደበደብኩት።

"ማነው?" አለ ሌላ ዘበኛ።

"ቅድም የገባውን ዘበኛ ጥራልኝ። ወደ ቤቱ ሳይሄድ።"

"አንተ ነህ ፈረቃ የምታዝ?"

"ስለ ቤቱ ነው በለው።"

እግሩ ራቀ። ይነግረው አይነግረው እንደሆነ አላወቅኩም፤ መደብደቤን ቀጠልኩ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተና ያ ወጣት ከደንብ ልብሱ በላይ ሹራብ ደርቦ ቆመ። ዱላ ይዟል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ክኒኑን ቤት ውስጥ እንዳትከፍተው። ጋዙ ነቀዙን ብቻ አይደለም የሚገድለው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያደረ ሰው አይነሣም።"

ዱላው ወደ ታች ወረደ።

"ሻጩ እንዲህ አላለኝም።"

"ሻጩ አይተኛበትም።"

"ቅድም ስትናገር ለምን አልነገርከኝም?"

ልዋሽ እችል ነበር። "ቅድም ልነግርህ አልፈለግኩም" አልኩት።

ከኋላዬ መምህሩ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ። ዘበኛው በዝግታ "እና ሽምብራውን ምን ላድርገው?" አለ።

ነገርኩት። ሁለቱንም ማዳበሪያ ከቤት አውጥተው ፀሐይ ላይ በስሱ ያስጡት፤ በወንፊት ይንፉት፤ የተበሳውን ለይተው ያቃጥሉት፤ የቀረውን ይከኩት፤ ክክ ላይ እንደ ልቡ አይራባም። ለዘር የሚፈልጉትን ትንሽ ዘይት ቀብተው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት። የአልጋውን ሥርና የግድግዳውን ስንጥቅ ይጥረጉ። ከዚያ በኋላ መስኮት ላይ የሚታየው በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ሞቶ ያልቃል። አንድ በአንድ ደገመልኝ፤ አንድ ቦታ ተሳስቶ አረምኩት።

"ይሄንስ?" አለ ጋዜጣውን ከኪሱ አውጥቶ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። "እኔ ጋ ተወው" የሚል ሐሳብ መጣልኝ፤ ለራሴ እንዲሆነኝ። ድንጋጤም አልነበረውም፤ ማንኪያ አቀብለኝ እንደማለት ቀላል ሆኖ ነበር የመጣው። ወደ ምላሴ ሲደርስ ሽማግሌው ሳሉ።

"ሳትከፍተው ለሸጠልህ ሰው መልስ" አልኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ተረኛ ሆኖ መጣ። ሐና ማርያም ባለው ቤቱ እናቱ ከንጋት ጀምራ ሽምብራውን ደጅ አስጥታ ከዶሮ እየጠበቀች እንደሆነ ነገረኝ። "ሁሉም ደኅና አደሩ" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምን ላድርግልህ? ለቤትህ የምትልከው መልእክት ካለ ወረቀት ላመጣ እችላለሁ" አለኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ይህ ነበር። ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ሽማግሌው ጫማቸውን ለማድረግ ግድግዳውን ይዘው ይታገሉ ነበር። ይህ ዘበኛ ሁልጊዜ "ተነሣ አንተ ሽማግሌ" እያለ ነበር የሚያስወጣቸው። ከአፌ የወጣው ያልጠበቅኩት ነገር ነው።

"እሳቸውን አንቱ በላቸው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ቀና ብሎ አላየኝም። ወደ ውስጥ ገብቶ ሽማግሌው ፊት ቆመ፤ ትንሽ አመነታ። "አባባ፣ ይውጡ" አለና ክንዱን ሰጣቸው። ሽማግሌው ክንዱን አልያዙም፤ በራሳቸው ተነሡ። ግን ቀጥ ብለው ወጡ። መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ባለቤቴ የት እንዳለሁ ያወቀችው ከዚያ ቀን በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ስትመላለስ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃለች። ታሪኩን የነገርኳት ከተፈታሁ ከዓመታት በኋላ ነበር። ጨርሼ ስነግራት "አንዲት መስመር እንኳ?" አለችኝ። አልተቆጣችም። አሁንም አልፎ አልፎ ትጠይቀኛለች፤ ለቡ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን፣ በሌላ ወሬ መካከል። አላውቅም እላታለሁ። እውነቴን ነው፤ አላውቅም።

የዘበኛውን መልክ ረስቻለሁ፤ መንገድ ላይ ባገኘው አልለየውም። ልጆቹን ግን ፈጽሞ ሳላያቸው አስባቸዋለሁ። አሁን ከሠላሳ ዓመት በላይ ናቸው። በታክሲ ውስጥ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ፣ ጠጋ እልለታለሁ።