ጌታሁን ለአባቱ የሠራው ማጉያ

ዛሬ ጠዋት የጌታሁን ልጅ ደወለችልኝ። «እማማ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሞት የተነገረው ሰው እሺ ይላል? እኔ ግን አልኩ። ከዚያ የታጠበ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። እስካሁን እንባ የለም። ደንዝዣለሁ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁት ጎንደር ላይ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ነው። ደንበኛ ሲያጣድፈው «ቀስ በል፣ ገና አልሞቀም» ይል የነበረው እሱ ነው። ይህን አባባል ከየት እንዳመጣው ልንገራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጎረቤትና የክፍል ጓደኛሞች ነበርን። አባቱ መሪጌታ ናቸው፣ ዜማ ያስተምራሉ። ጌታሁን የአባቱን ጉባኤ ትቶ አስኳላ በመግባቱ ተኳርፈዋል። በኋላ የመሪጌታ ጆሮ እየደከመ መጣ። ተማሪ ሲሳሳት ማረም አቃታቸው። አንዳንዱም አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ መምህር መሄድ ጀመረ። መሪጌታ በር በሩን ያያሉ።

ጌታሁን ይህን ማየት አልቻለም። አስመራ የሚመላለስ ሹፌር አጎቱን ለምኖ ባለ አምፖል የድምፅ ማጉያ አስመጣ፤ አምፖሎቹ ካልሞቁ ድምፅ የማይሰጥ። ያውም የተገጠመ ሳይሆን ዕቃው ተበታትኖ በካርቶን የሚሸጠውን፣ ከማይክራፎንና ከጆሮ ማዳመጫ ጋር። መመሪያውን እኔ አነባለሁ፣ እሱ በካውያ ይበይዳል። እንግሊዝኛዬም እንደነገሩ ነበር። አንዱን ሽቦ ስንት ጊዜ ነቅለን እንደተከልነው እግዜር ይወቀው።

ሠራ! አምፖሎቹ ቀልተው ሲግሉ መሪጌታን ጠራናቸው። እሳቸውም አዲስ ነገር ቤት ሲገባ እንደሚያደርጉት ጠበል ይዘው መጡና «በስመ አብ» ብለው ረጩበት።

ቋ! አንዱ አምፖል ተሰነጠቀ።

«ምነው ልጄ፣ ሰይጣን ነበረበት እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

«ኧረ የለበትም የኔታ፣ ስለጋለ ነው። ለሚቀጥለው ሳይሞቅ ይርጩት» አለ ጌታሁን ጆሯቸው ሥር ጮክ ብሎ።

አጎቱ ሌላ አምፖል እስኪያመጣ ጠበቅን። በሁለተኛው ጠበሉ ቀደመ፣ ደረቀ፣ ከዚያ ማጉያው ተከፈተ። መሪጌታ ቸኩለው ማዳመጫውን ሲያነሡ «ቀስ ይበሉ የኔታ፣ ገና አልሞቀም» አላቸው። ጥምጣሜን አላወልቅም ስላሉ ማዳመጫውን ከጥምጣሙ በላይ አሳልፈን ጆሯቸው ላይ ደፋንላቸው።

አንድ ተማሪ ማይክራፎኑ ፊት ዜማውን ጀመረ። መሪጌታ ጥቂት እንዳዳመጡ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ።

«ርክርኩን ዘለልከው! ከላይ ጀምር!»

ልጁ ድምፁን ማንቀጥቀጥ ያለበትን ቦታ ዘሎ ኖሯል። ተማሪዎቹ በደስታ ሳቁ። ጌታሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ? በል እስቲ።»

ትቶት የሄደውን ዜማ እየተንተባተበ አዜመ። ከአጥር ማዶ ስሰማ ያደግኩት እኔ እንኳ ስህተቱን ለይቻለሁ። መሪጌታ ግን አላረሙትም። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ወዲያ ኩርፊያ የሚባል ነገር በዚያ ቤት አላየሁም።

ደህና ሁን ጌታሁን፣ ወንድሜ። ነገ ቀብርህ ነው ይሉኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ። እንባዬም ሲመጣ ይመጣል። አንተ ብቻ ሳትፈራ ግባ። ብትንተባተብም አባትህ ይሰሙሃል።