የጋሼ አረንጓዴ ሹራብ

ይሉኝታ ቤቱ ይፍረስ! እኔን እንዳዋረደኝ ማንንም አያዋርድ።

ኮራል ስፕሪንግስ በሚባለው ሰፈራችን፣ ጋራዣችን ውስጥ፣ የጠፈር ፊልም እየሠራሁ ነበር። መንኮራኩሬ አሮጌ ኪቦርድና ከተበላሸ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የነቀልኩት ክዳን ነው። ከኋላ አረንጓዴ አንሶላ ሰቅያለሁ። በነፃ ያወረድኩት ሶፍትዌር አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ አጥፍቶ በቦታው ከዋክብት ያስገባል። ካፒቴን እንዲሆኑልኝ የለመንኳቸው ጎረቤታችንን ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ የነዱ፣ ድምፃቸው ብቻውን ካፒቴን የሚያሰኝ ሽማግሌ። ጋሼ ነው የምላቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ካፖርታቸውን ሲያወልቁ ክው አልኩ። የለበሱት ሹራብ ቁርጥ አንሶላዬን ነው፤ አረንጓዴ!

"ይሄን የሠራችልኝ ባለቤቴ ናት፣ ነፍሷን ይማርና" አሉ እጅጌውን እየዳበሱ። "እዚህ አገር በገባን በመጀመሪያው ክረምት። ፊልም ላይ ስወጣ እሷም አብራኝ ትውጣ ብዬ ነው የለበስኩት።"

እንግዲህ ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነበር። "ጋሼ፣ ይሄ ቀለም ይጠፋል፤ ቆይ አንሶላውን ልቀይር" ማለት። ሰማያዊ አንሶላ እኮ ላይ ቤት ነበረን! ግን ትልቅ ሰውን፣ ያውም ስለ ሟች ሚስታቸው እያወሩ፣ "ልብስዎ አይሆንም" ማለት ነውር መሰለኝ። ቆመው እንዲጠብቁኝ ማድረጉም ከበደኝ። "እሺ ጋሼ፣ ያምራል" አልኩ። ኤዲት ሳደርግ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነዋ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ከወገባቸው በላይ ቀረጽኳቸው። ቀረጻውን ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ጋሼ ጭንቅላትና ሁለት እጅ ብቻ ሆነው በከዋክብት መሃል ይንሳፈፋሉ። ሳቅሁ። አዎ፣ እኔ ባለጌው ሳቅሁ። ከዚያ ከኢንተርኔት በነፃ ያገኘሁትን የጠፈር ልብስ ከአንገታቸው በታች ለጠፍኩባቸው። ደውዬ "ጋሼ፣ ሹራቡ አልወጣም፤ ይምጡና እንደገና እንቅረጽ" ማለት እችል ነበር። ስልኩን አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ሥራ ይበዛባቸዋል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ጡረታ የወጡ ሰው፣ ምን ሥራ አላቸው?

ፊልሙ የታየ ቀን ሴት ልጃቸውን ኤርድሪ ከምትባለው ጎረቤት ከተማ ጠርተው በሰፈራችን አዳራሽ ውስጥ ከፊቴ ተቀመጡ። "የእናትሽን የእጅ ሥራ ዛሬ ታያለሽ" ሲሏት ሰማሁ።

ካፒቴኑ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አንዳንዱም አፏጨ። እሳቸው ግን አላጨበጨቡም። አንገታቸውን አስግገው ይፈልጋሉ፤ ደረታቸውን ያያሉ፣ ክንዳቸውን ያያሉ። ነጭ የላስቲክ ነገር ብቻ ነው ያለው።

"አባዬ፣ ሹራቡ የታለ?" አለች ልጅቷ።

ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ፊቴን ሳያዩት አልቀሩም መሰለኝ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ተመለሱ።

"ከሥር ለብሼዋለሁ እኮ" አሏት። "እዚያ ላይ ብርዱ አይቻልም።" ከዚያ እንደገና ወደ እኔ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፦ "አይደለም እንዴ ልጄ?"

"አዎ ጋሼ" አልኩ።